የድሮ ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር ለረጅም ሾፌር፦ ወንበሩ እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይታሰራል?

በባህር ዳርና በጣና ዙሪያ የድሮ ላንድሮቨርና አጭሩ ላንድክሩዘር ዛሬም እንጀራ ያበላሉ። ሞተራቸው ይታደሳል፣ ባሌስትራቸው ይቀየራል፣ ላሜራቸው ይበየዳል። ወንበራቸው ግን ብዙ ጊዜ የሚታወሰው መጨረሻ ላይ ነው። ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ85 ያለፈ ሾፌር ከወረታ ባህር ዳር እስኪደርስ ጉልበቱ መሪው ሥር ተቀርቅሮ፣ ጭኑ ድጋፍ አጥቶ፣ የፊት መስታወቱ ላይኛ ጠርዝ ዓይኑ ላይ ተጋርዶበት ይነዳል። ሲወርድ ወገቡን ይዞ ነው።

የተለመደው መፍትሔ ገበያ ወጥቶ ለስላሳ የአውቶሞቢል ወንበር ገዝቶ ማስበየድ ነው። ብዙ ጊዜ ውጤቱ ከቀድሞው ይብሳል። አዲሱ ወንበር ወፍራም ስለሆነ ሾፌሩን ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ጭኑ መሪውን፣ አናቱ ጣሪያውን ይነካል። ለረጅም ሰው ቀዳሚው ጥያቄ ዳሌው በትክክል የት ላይ ያርፋል የሚለው ነው። ልስላሴው ከዚያ በኋላ ይመጣል። የዳሌው ቦታ ሳይታወቅ የተገዛ ወንበር ምንም ያህል ቢወደድ ገንዘብ መጣል ነው።

ችግሩ ከወንበሩ ነው ወይስ ከመኪናው?

ከሁለቱም ነው፤ የመኪናው ድርሻ ግን ይበልጣል። በአሁኑ ዘመን መኪና መሪው ከፍና ዝቅ ይላል፣ ወንበሩም በረጅም ሐዲድ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል። በድሮዎቹ መሪው፣ ፔዳሎቹና ጣሪያው ባሉበት የተቸከሉ ናቸው። ማንቀሳቀስ የሚቻለው የሾፌሩን ዳሌ ብቻ ነው። ጥሩ ፈረሰኛ ኮርቻውን ከማለስለሱ በፊት እርካቡን በእግሩ ልክ እንደሚያስተካክለው፣ እዚህም መጀመሪያ የሚስተካከለው ልኩ ነው።

ዳሌው ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚያግዱ ነገሮች ደግሞ አሉ። በፈረንጆቹ ከ1948 እስከ 1985 በተሠሩት ላንድሮቨር ሲሪስ መኪኖች የፊት ወንበሮች የሚቀመጡት በአሉሚኒየም ሳጥን ላይ ነው። በብዙዎቹም ከሳጥኑ ጀርባ የጭነት ክፍሉን የሚለይ ግድግዳ አለ። ወንበሩ ግድግዳውን ከነካ ወደ ኋላ ማለት አይችልም። ከ1960 እስከ 1984 የተሠራው የላንድክሩዘር 40 ቤተሰብ የተሻለ ነው። አጭሩ ሞዴል ከፊት ወንበር ጀርባ ክፍት ስለሆነ ወንበሩን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ መግፋት ያስችላል። የዚሁ ቤተሰብ ፒክአፕ ግን የጋቢናው ግድግዳ ወዲያው ከጀርባ ስላለ እንደ ላንድሮቨሩ ጠባብ ነው።

የላንድሮቨሩን ግድግዳ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል? ይቻላል፤ ሰዎችም ያደርጉታል። ነገር ግን ግድግዳው የመኪናውን ሁለት ጎን አያይዞ የሚይዝ ነው። በቦታው ከጎን ወደ ጎን የሚዘረጋ የብረት ማጠናከሪያ ሳይገባ ከተቆረጠ፣ በኮረኮንች ላይ ቦዲው ይጠማዘዛል፤ በሮቹም አልዘጋ ይላሉ።

ርዝመትዎ እግርዎ ላይ ነው ወይስ ወገብዎ ላይ?

እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ወንበር ላይስማማቸው ይችላል። ጠፍጣፋ ዱካ ላይ ተቀምጠው ጀርባዎን ግድግዳ ያስደግፉ፤ ከዱካው እስከ አናትዎ ያለውን ያስለኩ። ልኩ ከጠቅላላ ቁመትዎ ከግማሽ በግልጽ ከበለጠ ርዝመትዎ ከወገብ በላይ ነው፤ የሚያስፈልግዎ ዝቅ ማለት ነው። ግማሽ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ እግርዎ ነው ረጅሙ፤ ወደ ኋላ መሄድና ጭንን እስከ ጉልበት አጠገብ የሚደግፍ ረጅም መቀመጫ ይፈልጋሉ። ይህን ሳይለዩ ወንበር የሚገዙ ሰዎች ናቸው ጣሪያ ለሚነካ ሰው ሐዲድ የሚያስረዝሙት።

ከመግዛትዎ በፊት ምን ይለካል?

ይህ የሥራው ዋና ክፍል ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል፤ የሚያስፈልገውም ሜትር፣ 40 በ40 ሴ.ሜ የሆነ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ፣ 2 ሴ.ሜ ውፍረት ያላቸው ጥቂት ጣውላዎችና አንድ ረዳት ሰው ነው።

ያለውን ወንበር ያውጡ። በላንድሮቨር ሲሪስ የመቀመጫው ትራስ ያለ መፍቻ ይነሳል፤ በላንድክሩዘር ግን ወንበሩን ከነሐዲዱ ከብሎኖቹ መፍታት ያስፈልጋል። በቦታው ጣውላዎቹን ደርድረው ኮምፔንሳቶውን ከላይ ያድርጉና ይቀመጡበት። ሲነዱ የሚያደርጉትን ጫማ ያድርጉ፤ የጫማ ሶል ብቻውን 2 እና 3 ሴ.ሜ ይለውጣል። ረዳትዎ ከጀርባ ሰሌዳ ይዞ እንደ መደገፊያ ያቁምልዎት። ከዚያ ጣውላ እየጨመሩና እየቀነሱ፣ ወደ ኋላና ወደ ፊት እየገፉ የሚከተሉት እስኪሟሉ ይሞክሩ።

ፍሪሲዮኑ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ የግራ ጉልበትዎ ጥቂት ታጥፎ መቅረት አለበት። ቀጥ ብሎ ከተወጠረ ርቀዋል ማለት ነው፤ ዳገት ላይ ሲነሱ ወገብዎ ከወንበሩ ይንሸራተታል። ቀኝ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ወደ ፍሬን ሲያዘዋውሩ፣ መሪው ግማሽ ዙር በዞረበት ሁኔታም ቢሆን፣ ጉልበትዎ መሪውን መንካት የለበትም። በጭንዎና በመሪው ታችኛ ጠርዝ መካከል 4 ሴ.ሜ፣ ማለትም እጅ በቀላሉ የሚያሳልፍ ክፍተት ይኑር። በአናትዎና በጣሪያው መካከል 8 ሴ.ሜ ያስፈልጋል። ቆሞ ሲታይ ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ባሌስትራ ያለው መኪና ጉድጓድ ሲመታ ሰውን ከወንበሩ ስለሚያነሳው ይህን ያህል ያሻል። ትከሻዎ መደገፊያውን ሳይለቅ የእጅ አንጓዎ የመሪው አናት ላይ ማረፍ አለበት። በመጨረሻም ዓይንዎ ከፊት መስታወቱ ላይኛ ጠርዝ 10 ሴ.ሜ ያህል ዝቅ ይበል፤ ካልሆነ የትራፊክ መብራት ለማየት አንገት መስበር ይመጣል።

ሁሉም አብረው የማይሟሉበት መኪና አለ። ያኔ አናትና ፍሪሲዮን ቅድሚያ ይሰጣቸው፤ በእነዚህ ሁለቱ አይደራደሩ። የቀሩትን በኋላ በምንገልጻቸው መንገዶች ማካካስ ይቻላል።

ልኩ ሲገኝ ዳሌዎ ላይ ምልክት ያድርጉ። ጭንዎን ከፍና ዝቅ ሲያደርጉ በጎን በኩል በእጅ የሚዳሰስ የአጥንት ጉብታ አለ፤ ሱሪዎ ላይ በዚያ ትክክል ፕላስተር ይለጥፉ። ከፕላስተሩ እስከ መኪናው ወለል፣ ከፕላስተሩ እስከ ጣሪያው፣ ከፕላስተሩ እስከ ፍሪሲዮን ፔዳሉ (ሳይረገጥ) ያሉትን ሦስት ልኮች ይጻፉ። ከአሁን በኋላ የማንኛውም ወንበር ፈተና እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ናቸው።

ወንበር ሊገዙ ሲሄዱ ያንኑ ሱሪ ከነፕላስተሩ ለብሰው ይሂዱ። ወንበሩን ደልዳላ ወለል ላይ አስቀምጠው ይቀመጡበትና ከፕላስተሩ እስከ ወለሉ ይለኩ። ባዶ ወንበር መለካት ያሳስታል፤ ሰው ሲቀመጥበት ስፖንጁ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሴ.ሜ ይሰጥማል፣ ያረጀው ደግሞ ከዚያም በላይ። ለምሳሌ በጣውላው ሙከራ ዳሌዎ ከወለሉ 38 ሴ.ሜ ላይ ቢሆንና ገበያ ላይ ያለው ወንበር 34 ቢያወጣ፣ ለማሰሪያ ፍሬሙ 4 ሴ.ሜ ተርፎልዎታል። 39 ካወጣ ግን እግሮቹ ካልተቆረጡ አይሆንም፤ ተዉት።

ወንበሩን ሳይቀይሩ ምን ያህል ማስተካከል ይቻላል?

ከሚጠበቀው በላይ። ልኩ የጎደለው ከ3 እስከ 5 ሴ.ሜ ብቻ ከሆነ አዲስ ወንበር መፈለግ አያስፈልግም ይሆናል።

የመጀመሪያው ዘዴ የወንበሩን የኋላ እግር ዝቅ ማድረግ ነው። ርዝመቱ 45 ሴ.ሜ የሆነ መቀመጫ ከኋላ 3 ሴ.ሜ ዝቅ ሲል ወደ 4 ዲግሪ ያዘነብላል፤ ዳሌ ይወርዳል፣ ጭንም ድጋፍ ያገኛል። የፊቱን ከፍ ማድረግ ያው ዝንባሌ ይሰጣል፤ ነገር ግን ጉልበትን ወደ መሪው ያቀርባል። ስለዚህ ከኋላ ይቀነስ እንጂ ከፊት አይጨመር።

ሁለተኛው ሐዲዱን ወደ ኋላ ማዛወር ነው። ውፍረቱ 8 ሚ.ሜ የሆነ ጠፍጣፋ ብረት በቀድሞዎቹ ቀዳዳዎች ታስሮ፣ 5 ሴ.ሜ ወደ ኋላ አዲስ ቀዳዳ ይወጣለታል። ሐዲዱን ብቻ አስረዝሞ ወንበሩን ከማሰሪያው ውጪ ተንጠልጥሎ መተው ግን ትልቅ ስህተት ነው፤ ክብደቱ ሁሉ የኋላ ብሎኖቹ ላይ ይወድቃል።

ሦስተኛው መሪውን መቀየር ነው። ዲያሜትሩ 43 ሴ.ሜ የሆነ መሪ በ38 ሲተካ ጭን ላይ 2.5 ሴ.ሜ ክፍተት ይገኛል። ዋጋው የሚከፈለው በጉልበት ነው፤ ፓወር ስቲሪንግ በሌለው መኪና መሪው በዚያው መጠን ይከብዳል። በፎገራ ጥቁር አፈር ላይ በክረምት ለሚሠራ መኪና ይህን አንመክርም።

ስፖንጁን ማሳሳት ግን መፍትሔ አይደለም። ቁመት ለመቀነስ ተብሎ ስፖንጁ ሲቀደድ አጥንት ከብረቱ ጋር ይገናኛል፤ ኮረኮንች ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ አያስቀምጥም።

የየትኛው መኪና ወንበር ይሆናል?

ስሙ ሳይሆን ቅርጹ ይታይ። የሚፈለገው ከእግሩ እስከ መቀመጫው አጭር የሆነ፣ ስፋቱ ከ50 ሴ.ሜ ብዙም ያልበለጠ፣ ጎኖቹ ያልተቆለሉ፣ መደገፊያው ረጅም የሆነ ወንበር ነው። የአነስተኛ አውቶሞቢሎች የፊት ወንበር ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለላንድሮቨር ሳጥን ይቀርባል። የፒክአፕና የኋለኞቹ ላንድክሩዘሮች ወንበር ጠንካራና ለኮረኮንች የተሠራ ቢሆንም ከፍ ይላል፤ ወለሉ ዝቅ ላለ መኪና ብቻ ይሆናል። የጭነት መኪና ወንበር፣ በተለይ ከሥሩ በአየር ወይም በሞላ የሚንሳፈፈው፣ ምቾቱ የሚያስቀና ነው። ነገር ግን መንሳፈፊያው ብቻውን የሚይዘው ቁመት ረጅሙን ሾፌር ጣሪያ ላይ ያደርሰዋል።

ጎኖቻቸው የተቆለሉ የስፖርት ወንበሮች ሌላ ችግር አላቸው። በላንድሮቨር ሲሪስ ቀይና ቢጫ እጀታ ያላቸው የረዳት ማርሽ ዘንጎች ወንበሩ አጠገብ ናቸው። የተቆለለው ጎን የእጅ ፍሬኑን ወይም እነዚህን ዘንጎች ከገፋ፣ ማርሹ ሙሉ በሙሉ ሳይገባ ይቀርና ዳገት ላይ ይወጣል። ወንበሩን ከማሰርዎ በፊት ሁሉንም ዘንጎች እስከ መጨረሻ ቦታቸው ያንቀሳቅሱ።

ስለ ግራና ቀኝም አንድ ነገር፦ ያገለገለ ወንበር ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከቀኝ መሪ መኪና ነው። የዚያ መኪና የሾፌር ወንበር የተሠራው ለቀኝ በር ነው፤ እኛ ጋ ሲገባ መደገፊያውን የሚያስተኛው ማንሻ በማርሹ በኩል ይቀራል፣ የቀበቶው መቆለፊያም በበሩ በኩል ይሆናል። የሚፈለገው የዚያው መኪና የግራ ወንበር፣ ማለትም የተሳፋሪው ነው። ሻጩ ግን «የሾፌር» ብለው ሲጠይቁት የቀኙን ነው የሚያወጣልዎት።

ከመቀመጫው ሥር ቢጫ የኤሌክትሪክ ሶኬት ካዩ፣ ወንበሩ ውስጥ የአየር ከረጢት ወይም ቀበቶውን በፍንዳታ የሚስብ መሣሪያ አለ ማለት ነው። ያን ወንበር መበየድ፣ መቁረጥም ሆነ ልባሱን መፍታት አደገኛ ነው። ሌላ ይፈልጉ።

እንዴት ይታሰራል?

ከአውቶሞቢል የወጣ ወንበር አራቱ እግሮቹ እኩል አይደሉም። ፊተኞቹ ከኋለኞቹ ይለያሉ፤ አንዳንዴ የውስጥ ጎኑ ከውጪው ጎን ይለያል፤ ምክንያቱም የወጣበት መኪና ወለል ደልዳላ አልነበረም። ስለዚህ በቀጥታ አይበየድም። ከሥሩ ልዩነቱን የሚያስተካክል ፍሬም ይሠራለታል።

ለፍሬሙ 30 በ30 ሚ.ሜ የሆነ፣ ግድግዳው 3 ሚ.ሜ የሆነ ቱቦላሬ ይበቃል። ለቤት በርና መስኮት የሚሸጠው ስስ ቱቦላሬ አይሆንም። ብሎን ቱቦላሬውን በስቶ የሚያልፍ ከሆነ በቀዳዳው ውስጥ ትንሽ ቧንቧ ገብቶ ይበየድ። ያለዚያ ዳዶው ሲጠብቅ ቱቦላሬው ይጨፈለቃል፣ ከወራት በኋላም ብሎኑ ይላላል። የሚነቃነቅ ወንበር ይዘው ወደ በያጅ የሚመለሱ ሰዎች ዘንድ ደጋግመን የምናየው ጉድለት ይህ ነው።

ሁለቱ ሐዲዶች ትይዩ መሆን አለባቸው። ፍሬሙ በብየዳ ሙቀት ጥቂት ከተጣመመ ወንበሩ ይንሸራተታል፣ ግን የሚቆልፈው በአንድ ጎን ብቻ ነው። ድንገት ፍሬን ሲያዝ ሙሉ ክብደቱ አንድ ጥርስ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ወንበሩ ከሐዲዶቹ ይውጣ፤ ሐዲዶቹ ከፍሬሙ ጋር በብሎን ታስረው ሳሉ የፍሬሙ ብረቶች በነጥብ ብቻ ይያያዙ፤ ከዚያ ብየዳው ከወዲህና ከወዲያ እየተፈራረቀ ይጠናቀቅ። ወንበሩ ላይ እንዳለ ፈጽሞ አይበየድ፤ ስፖንጅ በብልጭታ ይያያዛል፣ ጭሱም መርዝ ነው። ሲያልቅ ሐዲዱን በየደረጃው እያቆሙ ሁለቱም ጎን «ቀጭ» ማለታቸውን በእጅና በዓይን ያረጋግጡ።

አሁን ወለሉ። ስስ ላሜራ ላይ በብሎንና በትንሽ ሮንዴላ ብቻ የታሰረ ወንበር በግጭት ጊዜ ላሜራውን ቀዶ ይወጣል። የዓለም አቀፉ የሞተር ስፖርት ማኅበር ደንብ ለእያንዳንዱ ማሰሪያ ቢያንስ 3 ሚ.ሜ ውፍረትና 40 ካሬ ሴ.ሜ ስፋት ያለው፣ ከላሜራው ሥር የሚገባ መደገፊያ ብረት ይጠይቃል፤ 7 በ7 ሴ.ሜ ቁራጭ ይህን ያሟላል። ማሰሪያዎቹ አራት ይሁኑ። ብሎኑ 10 ሚ.ሜ ሆኖ ራሱ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር የታተመበት ይሁን፤ ምንም ቁጥር የሌለው የገበያ ብሎን ለወንበር አይታመንም። ዳዶው ውስጡ ናይለን ያለው ራሱን የሚቆልፍ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ጥብቀቱ 45 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው።

ላንድሮቨር ላይ ሳጥኑ አሉሚኒየም ስለሆነ ብረት አይበየድበትም። ብረትና አሉሚኒየም እርጥበት መካከላቸው ሲገባ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል፤ በጣና ዳር አየርና በክረምት ጭቃ ይህ ይፈጥናል። መደገፊያ ብረቱ በጸረ ዝገት ቀለም በደንብ ይቀባ፣ ጠርዙም በሲሊኮን ይታሸግ። አንዳንዶች ከመሃል የካላማዳሪያ ቁራጭ ያስገባሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ላስቲኩ ቀስ በቀስ እየተጨፈለቀ ብሎኑን ያላላዋል።

ከወንበሩ ሥር ምን አለ?

መሰርሰሪያ ከመያዝዎ በፊት ይህን ይጠይቁ። በብዙዎቹ አጭር ላንድሮቨሮች የነዳጅ ታንከሩ ከፊት ወንበር ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ነው፤ በቀደምቶቹ ላንድክሩዘር 40ዎች ደግሞ ከተሳፋሪው ወንበር ሥር። ባትሪውም እዚያው የሚሆንበት ሞዴል አለ።

ታንከሩ በቦታው እያለ መሰርሰርም መበየድም ክልክል ነው። «ባዶ ነው» ማለት አያድንም። ባዶ የቤንዚን ታንከር በተን ስለሚሞላ ከሙሉው ይልቅ ይፈነዳል። ታንከሩ ይፈታ፣ ከሥራው ቦታ ይራቅ፣ የቱቦዎቹ አፍ ይደፈን። ከብየዳ በፊት ባትሪው ይነቀል። አዲሱ ፍሬምም የታንከሩን ክዳንና መለኪያ የሚዘጋ መሆን የለበትም፤ አለበለዚያ ለትንሽ ጥገና ወንበሩን በሙሉ መፍታት ይመጣል።

ቀበቶውስ?

ወንበር ሲንቀሳቀስ ቀበቶ አብሮ መታሰብ አለበት፤ ብዙ ጊዜ ግን ይረሳል።

የትከሻው ማሰሪያ ከሾፌሩ ትከሻ እኩል ወይም ከፍ ብሎ ከኋላ መሆን አለበት። ለአጭር ሰው የተሰላ ማሰሪያ ለረጅሙ ከትከሻ በታች ይቀራል፤ በግጭት ጊዜ ቀበቶው ትከሻውን ወደ ታች ስለሚጎትት አከርካሪን ያጨፈልቃል። ማሰሪያውን በምሰሶው ላይ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ቦታውም በውስጥ በኩል በብረት መጠናከር አለበት። የወገቡ ክፍል ሆድ ላይ ሳይሆን የዳሌ አጥንት ላይ ይረፍ። ከወለሉ ጋር ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ቢሠራ ጥሩ ነው።

የቀበቶ ብሎን በአብዛኛው መኪና ላይ አንድ ዓይነት ነው፦ በኢንች 7/16፣ ጥርሱም ደቃቅ። ወደ 11 ሚ.ሜ ስለሚጠጋ ከሩቅ ሲታይ 10 ወይም 12 ሚ.ሜ ይመስላል። በግድ 12 ሚ.ሜ የሚከት ጥርሱን ያበላሻል፤ 10 የሚከት ደግሞ ያጠበቀ ይመስለዋል እንጂ አልያዘም። የቀድሞውን ብሎን አይጣሉ።

ከአዲስ መኪና በመጣ ወንበር ላይ የቀበቶው መቆለፊያ ራሱ ወንበሩ ላይ ታስሮ ይገኛል። ይህ ማለት በግጭት የሾፌሩ ሙሉ ክብደት በወንበሩ እግሮች በኩል ወለሉን ይስባል። በላንድሮቨር የአሉሚኒየም ሳጥን ላይ ይህ አይሞከርም፤ መቆለፊያው ከሻሲው ጋር በተያያዘ ብረት ላይ ለብቻው ይታሰር።

የድሮ ወንበሮች መደገፊያ ብዙውን ጊዜ ትከሻ ላይ ያበቃል። ከኋላ ስትገጩ ራስ ወደ ኋላ ይወረወራል፣ አንገት ይጎዳል። የአዲሱ ወንበር የራስ መደገፊያ ከፍ ሲል ቢያንስ ከጆሮ ጫፍ በላይ መድረሱን፣ ከራስም ከ10 ሴ.ሜ በላይ አለመራቁን ያረጋግጡ። ለረጅም ሰው ብዙዎቹ አይደርሱም፤ ይህም ወንበር የሚጣልበት በቂ ምክንያት ነው።

አንድ የወረቀት ጉዳይ፦ ሊብሬው ላይ መኪናው የሚይዘው የሰው ብዛትም ተጽፏል። ለሦስት የሚሆነውን የፊት መቀመጫ በሁለት ለየብቻ ወንበር ከቀየሩ ልዩነቱን ቦሎ ከመድረሱ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ይጠይቁ።

ስፖንጅና ልባስ ለባህር ዳር አየር

የሶፋ ስፖንጅ ሲዳሰስ ለስላሳ ነው፤ በባሌስትራ መኪና ላይ ግን በጥቂት ወራት ይሞታል። ለመኪና የሚሆነው በሜትር ኩብ ከ45 እስከ 60 ኪሎ የሚመዝን ጠንካራ ስፖንጅ ነው። ከሥር 5 ሴ.ሜ ከቁርጥራጭ ተጨፍልቆ የተጣበቀው ዓይነት፣ ከላይ ከ2 እስከ 3 ሴ.ሜ ለስለስ ያለው ቢደረብ ጉድጓድ ሲመታ ብረቱን አያስነካም።

ጭኑ ለረዘመ ሰው መቀመጫውን ከፊት ማስረዘም ይቻላል፤ በመቀመጫው ጠርዝና በጉልበቱ መታጠፊያ መካከል ሦስት ጣት የሚያሳልፍ ቦታ ግን ይቅር። ካልቀረ የደም ዝውውር ይታነቃል፣ እግር ይደነዝዛል። የወገብ ድጋፍም ለረጅም ሰው ከፍ ይላል፤ ሲቀመጡ ከመቀመጫው ከ20 እስከ 25 ሴ.ሜ አካባቢ ነው። ባለሙያው ወዲያው አይስፋው። ትንሽ ትራስ በማጣበቂያ ተይዞ ለሁለት ሳምንት ይነዳበት፤ ትክክለኛው ቦታ ሲገኝ ይሰፋ።

ሰው ሠራሽ ቆዳ ለመወልወል ይመቻል፤ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት ግን ጀርባ ላይ ይጣበቃል። መሃሉ አየር የሚያስገባ ወፍራም ጨርቅ፣ ጎኖቹና ሲወጡና ሲገቡ የሚፈተገው ጠርዝ ቆዳ ቢሆኑ ይሻላል። ጣሪያው ሸራ ለሆነ መኪና የመቀመጫው ወለል ላይ ከአራት እስከ ስድስት ትናንሽ ቀዳዳዎች ይበሱ። በክረምት የረጠበ ስፖንጅ መውጫ ካላገኘ ይሻግታል፣ ሽታውም አይለቅም።

ከታሰረ በኋላ

የመጀመሪያው ጉዞ አጭር ይሁን፤ አስፋልትም ኮረኮንችም ይኑርበት። ወደ ጢስ ዓባይ አቅጣጫ ደርሶ መልስ ይበቃል። እንደተመለሱ ዳዶዎቹን በሙሉ በቁልፍ ይፈትሹ፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ይድገሙት። ለየዳዶው ከራሱ ጀምሮ ሥሩ እስካለው ብረት የሚደርስ አንድ የቀለም መስመር ያስምሩ። መስመሩ የተሰበረበት ዳዶ ዞሯል፤ እሱን መልሶ ማጥበቅ ብቻ ግን አይበቃም። ሮንዴላው መስመጡ፣ ቱቦላሬው መጨፍለቁ ወይም ከሥሩ ያለው ላሜራ መሰንጠቁ ሳይታይ መኪናው ወደ ሥራ አይመለስ።